አጥንት የነካው ውኃ

እታለም ጅብ አትፈራም። እንዲያውም በዋንዛ በር ሰዎች አነጋገር ጅቡ ነው እሷን የሚፈራት። ከፍኖተ ሰላም ሥጋ ቤቶች የሚጣለውን አጥንት በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላች በፈረስ ጋሪ ስታስጭን ያያት ሁሉ «እታለም ካለች የእኛ ጅብ ተርቦ ወደ ቡሬ መሰደዱ ነው» ይላል። እሷም አብራ ትስቃለች። መብረቅ አትፈራም፣ ሰው አትፈራም፤ ባሏ በሞተ ጊዜ መሬቷን ሊነጥቋት የመጡትን የባሏን ወንድሞች እንኳ በር ላይ ቆማ መልሳቸዋለች። የምትፈራው ውኃ ነው።

ወንዙን ወይም ጎርፉን አይደለም። የምትፈራው ብርጭቆ ውስጥ ጥርት ብሎ የተቀመጠውን፣ ሽታም ጣዕምም የሌለውን ውኃ ነው። «ቢደፈርስ እኮ ደግ ነበር» ትላለች። «የደፈረሰ ውኃ ደፍርሻለሁ ብሎ ይነግርሻል፣ ትተይዋለሽ። ይኼ ግን እየሳቀ ነው የሚገባብሽ።» እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል ስትሰማ ያደገችው ስለ ወንዝ የሚነገር መስሏት ነበር።

ዋንዛ በር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ መንደር ነው። ቧንቧ ተተክሎለታል፤ ውኃው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት በዓል ካልሆነ ብቅ አይልም። ሰዉ የሚጠጣው መንደሩ መሐል ካለው ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው መጥቶ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን ያቀልጥ ነበር። በባትሪው ሆድ ያለውን የሚያቃጥል ውኃ እዚያው መሬቱ ላይ ይደፋዋል። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል ከማለት በቀር ማንም ምንም አላለውም። ሰላምተኛ ሰው ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያም ቆርቆሮ ሰጥቷል፤ አገሬው ደግሞ ቆርቆሮ የሰጠን ሰው ምን ትሠራለህ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን ዕቃውን ጭኖ ሄደ። የግቢው መሬት ሣር አላበቅል አለ። የጉድጓዱ ውኃ ግን እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነበርና ሰዉ መቅዳቱን ቀጠለ።

እታለምም በዚያው ውኃ አረቄ ታወጣ ነበር። ባሏ ሲሞት ልጇ ያምሮት ገና ጡት አልጣለችም፤ ልጅቱን ያሳደገቻት በአረቄ ነው፣ በሽያጩ ማለት ነው። አረቄ ማውጣት ከሞላ ጎደል የመምረግ ሙያ ነው። ማሰሮውና መቃው በሚገናኙበት ቦታ ጭቃው አንዲት ቀዳዳ ከተወ እንፋሎቱ ያመልጥና ልፋቱን ሁሉ ውኃ ይበላዋል። እታለም የመረገችው ማሰሮ ግን አያመልጠውም ይባልላት ነበር።

ያምሮት አድጋ ወንዳወቅ የሚባል፣ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ የሚነዳ የመንደሩን ልጅ አገባች። ጎጆዋንም ከጉድጓዱ አጠገብ ቀለሰች። የመጀመሪያው ጽንስ ገና ሆዷ ሳይታወቅ ወረደ። ሁለተኛው ወሩን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ተወለደ፤ ወንድ ነበር፤ ሳያለቅስ ተቀበረ። ሾተላይ ነው ያለ አለ፣ ዓይን ነው ያለም አለ። እታለም ልጇን ይዛ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዳ ጠበል አስጠመቀቻት። ወደ ቤት ሲመለሱ ያምሮትን ጠማት፤ እናቷ ከጉድጓዱ ቀድታ በጣሳ ሰጠቻት። ዛሬ እታለም ከሁሉ አብልጣ የምታስታውሰው ያን ጣሳ ነው።

ዮርዳኖስ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ የምትመረምር የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት፤ ከየጉድጓዱ በትንንሽ ጠርሙስ ቀድታ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ እንደ አመጣጧ አልነበረም። ሰዉን ጉድጓዱ አጠገብ ሰብስባ በውኃው ውስጥ እርሳስ አለ አለች፤ ያው ጥይት ራስ ላይ የሚሠካው፣ ሰውየው ያቀልጠው የነበረው። ቢያፈሉትም አይሞትም፣ ጨርቅም አያጠልለውም። እታለም እጇን አነሣች።

«ማንን ነው የሚጎዳው?»

«ሁሉንም ሰው ይጎዳል እትዬ። የሚብሰው ግን በሕፃናት ነው፤ ከእነሱም ይልቅ በሆድ ባለ ጽንስ።»

«እንግዲያ የልጄን ሁለቱን ልጆች የበላብኝ ይኼ ነው?»

ዮርዳኖስ መሬት መሬት አየች። «አላውቅም። ማንም ይህን አረጋግጦ ሊነግርዎ አይችልም።»

ነው ቢሏት ታለቅስ ነበር፤ አይደለም ቢሏት ትተወው ነበር። አይታወቅም ስትባል ግን ፍርሃቱ ገባና ቤቱን ሠራ። ማታ ስትተኛ የምታስበው ያንኑ ነው፣ ጠዋት ስትነቃም ያንኑ።

መፍትሔውን ያመጣችው ዮርዳኖስ ናት። አየር ሳይነካው የተቃጠለ አጥንት ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ እርሳሱን ከውኃው ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ርካሽ ነው፤ አጥንት በየሥጋ ቤቱ ደጅ ይጣላል። ችግሩ ማቃጠሉ ላይ ነው። አየር ከገባበት አጥንቱ ነጭ አመድ ይሆናል፣ አይሠራም። ሳይበስል ከወጣ ደግሞ ውኃው ሥጋ ሥጋ ይሸትና የሚጠጣው ይጠፋል። እታለም ይህን ስትሰማ «መምረግ ነው በይኛ!» አለች። በዚያው ሳምንት አረቄውን ተወችው። አጥንቱን ትቀቅላለች፣ ትፍቃለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ በትልቅ ማሰሮ ሞልታ ክዳኑን ጭድ በተለወሰ ጭቃ ትመርጋለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እሳት ነው። ሲበርድ ትከፍተዋለች። ጥቁር ሆኖ ከወጣ እልል ትላለች። ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ፣ አጥባ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ባልዲ ትሞላዋለች፤ ከላይ የተጨመረው ውኃ እየተንጠባጠበ ከታች እንስራ ውስጥ ይወርዳል። መርዙን የጠገበውን ከሰል የጓሮ ጎመን እንዳይበላው ከመንደር ውጭ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ትቀብረዋለች። ዮርዳኖስ ከባልዲው የወጣውን ውኃ መርምራ ደህና ነው ስትል፣ የመጀመሪያው ባልዲ ያምሮት ቤት ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ መንደሩ በሞላ የእታለምን ውኃ ጠጪ ሆነ።

መስከረም ላይ ያምሮት ፀነሰች።

እታለም ለሰው አልተናገረችም። ባልዲውን ግን በየጊዜው እየሄደች ትፈትሻለች፣ ከሰሉን ቀኑ ሳይደርስ ትለውጣለች። ሁዳዴ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ፤ በጾም ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ አጥንት ከየት ይመጣል? ስለዚህ በቅበላ ሳምንት አገሩ ሁሉ ሥጋውን ሲበላ እሷ ከየቤቱ አጥንቱን ሰበሰበች። «እታለም፣ ቅልጥሙን እንኳ እንድንመጥ ጊዜ ስጪን!» እያሉ ቀለዱባት።

የቅበላ ማግስት ልጇ ቤት ስትገባ ያምሮት ዕቃ ታጥባለች። ወግ ነው፤ ሥጋና ቅቤ የነካ ድስት፣ ቢላዋ፣ ጭልፋ ሁሉ በአመድ ታሽቶ ይታጠባል፤ የማይለቀውም እስከ ፋሲካ ይሰቀላል። እታለም ተቀምጣ ስታያት ዓይኗ ባልዲው ላይ አረፈ። ቢላዋው እንኳ ተሰቅሎ፣ አጥንት የሞላው ባልዲ ቤቱ መሐል ተቀምጧል። ይኼስ? የሚል ሐሳብ መጣባት። ወዲያው ዋጠችው። እሳት የበላው ነገር ሥጋ አይባልም አለች በልቧ። የነፍስ አባታቸውን ቄስ ክንፈሚካኤልን መጠየቅ ነበረባት፤ ይህን ታውቃለች። ግን ይገድፋል ቢሉስ? መንደሩ ሁሉ ባልዲውን ጥሎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ያምሮትም አብራ። ያልጠየቁት ነገር አይከለከልም ብላ ዝም አለች። ጅብ የማትፈራው ሴት አንዲት ጥያቄ ፈራች።

ደብረ ዘይት አልፎ በሰኞው፣ እታለም ሽሮ ይዛላት ስትሄድ ያምሮት ከቤቱ ጀርባ ነበረች። ሆዷ ገፍቷል። ጎንበስ ብላ ከቢጫው ጀሪካን በጣሳ ቀድታ ትጠጣለች። ጀሪካኑ ገና ከጉድጓዱ የመጣ፣ ለልብስ የሚሆን ውኃ ነው።

«ምንድን ነው የምትጠጪው?»

ያምሮት ጣሳውን ከኋላዋ ደበቀች። ትንሽ ልጅ ሳለች ስኳር ስትሰርቅ እንዲህ ነበር የምታደርገው።

«ውኃ ነው እምዬ።»

«ባልዲውስ? ተሰበረ?»

«አልተሰበረም። ወንዳወቅ ይጠጣዋል። እኔ…» ድምፅዋ ወረደ። «አጥንት ነክቶታል እኮ። ሁዳዴ ነው።»

እታለም ግድግዳውን ያዘች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዘወረደ።»

«ረቡዕና ዓርብ ትጠጪው አልነበር? በገና ጾም ትጠጪው አልነበር?»

«ያኔ ልብ አላልኩትም ነበር። አሁን ግን ተስያለሁ።» ያምሮት ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈች። «አባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትጹሚ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። እመቤቴን ግን፣ ሰዓቱ ቢቀርብኝ አንዲት ነገር ሳልገድፍ ሁዳዴን ከፈጸምኩ ይህችን ነፍስ በሕይወት ስጪኝ አልኳት። ያን ካልኩ ወዲያ ባልዲውን ባየሁ ቁጥር አጥንቱ ይታየኛል። እንዴት ልጠጣው? ቢላዋውን ያሰቀልሽኝ አንቺ አይደለሽም? በልጅነቴ በጾም ቀን ቅል ውስጥ የቀረ እርጎ በጣቴ ብቀምስ አፌን በአመድ ያጠብሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

 ያምሮት ጽንሷን ለማዳን ብላ ጽንሷን የሚጎዳውን መርዝ ስትጠጣ ከርማለች፤ ያስተማረቻትም ራሷ እታለም ናት። ልትጮህባት ፈለገች፣ ልታቅፋት ፈለገች፤ አንዱንም አላደረገችም። ስልኳን አውጥታ ለዮርዳኖስ ደወለችላትና የሆነውን ነገረቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠጣችው እትዬ?»

«ከዘወረደ።»

ዮርዳኖስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስል ዝም አለች። ከዚያ «እሺ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጠጣ» ብቻ አለች። ያ ዝምታ እታለም ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ቤተ ክርስቲያኑ እስክትደርስ ሮጠች ማለት ይቻላል። ቄስ ክንፈሚካኤል ከጥዱ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። «አባቴ ይፍቱኝ» አለች፤ ፈቷት። ሁሉንም ተናገረች፤ አጥንቱን፣ ባልዲውን፣ ቢላዋውን፣ ስለቱን። መስቀላቸውን እያገላበጡ ሰሟት።

«ይህ ነገር አጥንት መሆኑን አላወቅሁም፤ ከሰል ሲሉ የእንጨት መስሎኝ» አሉ። «ለምን ዘወረደ ሳይገባ አልጠየቅሽኝም?»

«ፈርቼ አባ።»

«እኔን?»

«መልስዎን።»

ቅንድባቸውን አነሱ። «ቆይ እስቲ። በገና ጾም ቤትሽ መጥቼ ውኃ ሰጥተሽኝ አልነበር?»

«ሰጥቼዎታለሁ አባ።»

«ከዚያው?»

«ከዚያው።»

ቄስ ክንፈሚካኤል ሰማይ ሰማይ አዩ። በሌላ ቀን ቢሆን እታለም ትስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ ለልጄ እንደ መድኃኒት ይፍቀዱላት አለች። «ለታመመ መነኩሴ እንኳ ይፈቀዳል» አሉና ከእሷ ጋር ወረዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያምሮት ቤት ደረሱ። ቄሱ ከጠዋት ጀምሮ አፋቸው ውኃ አልነካም። ያምሮት መስቀል ተሳልማ አንገቷን ደፋች።

«ልጄ፣ እንደ ታመመ ሰው ፈቅጄልሻለሁ፤ ጠጪ» አሏት።

«ለበሽተኛ የሚሰጥ ፈቃድ ከሆነማ ስለቴ ፈረሰ ማለት ነው» አለች ሳትነሣ። «ሳልገድፍ ነው ያልኳት። በፈቃድ ገድፌ ምን ብዬ ልለምናት? አባቴ አይፍረዱብኝ፤ አልጠጣም።»

እታለም የዚህን ጊዜ ነው የምር የፈራችው። የመጨረሻው ሰው መጥቶ ነበር፤ ከቄሱ በላይ የምትጠራው ሰው የላትም። በልጇ ቀሚስ ሥር ያለችው ነፍስ በዚያች ደቂቃ ስትሰምጥ የታየቻት መሰላት፤ እጅ የማይዘረጋላት፣ ገመድ የማይጣልላት።

ቄስ ክንፈሚካኤል ወደ ባልዲው ዞሩ። ከዚያ እታለምን «ከሰሉን አምጪ» አሏት። እፍኝ ሰጠቻቸው። መዳፋቸው ላይ አሹት፣ አሸተቱት፣ ወደ በሩ ብርሃን ይዘው አዩት።

«ስብ የለውም። ደም የለውም። ሽታ የለውም። እሳት ፈርዶበታል። እሳት ከፈረደበት በኋላ እኔ ደግሜ ምን እፈርድበታለሁ?» አሉ። «ያምሮት፣ ጾሜን የምፈታበት ውኃ ስጪኝ። ከእናትሽ ባልዲ።»

«አባ!»

«ስጪኝ አልኩ። መድኃኒት ብዬ አይደለም፤ አልታመምኩም። ውኃ ብዬ ነው። ገድፌ ከሆነ በላይኛው ፊት የምጠየቅ እኔ ነኝ፤ ስለትሽንም ከእኔ ላይ አድርጊው።»

ያምሮት ከእንስራው ቀዳች። ሽማግሌው አማትበው ጠጡ፤ ግማሹን አስቀርተው ጣሳውን መለሱላት። አየችው። እናቷን አየች። ከዚያ እያለቀሰች ጠጣችው። እታለም የልጇ ጉሮሮ ሲወጣና ሲወርድ እያየች አንድ በአንድ አብራት ዋጠች።

እሑድ ቄሱ ነገሩን በአደባባይ ተናገሩ፤ ሊቃውንቱን እስክጠይቅ በእኔ ይሁን አሉ። እታለም የፈራችው ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረላትም፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንዳንዱ ባልዲውን እስከ ፋሲካ ከደጅ አወጣው። እየዞረች ለመነቻቸው፤ ግማሾቹ ባልዲውን መለሱ፣ ግማሾቹ «ለነፍሳችን ነው» አሏት። ለሥጋችሁስ ብላ አልተከራከረችም፤ አንድ ጊዜ ዝም ያለች ሰው ስትጮህ ጉልበት ያንሳታል።

ሰኔ ግም ሲል ያምሮት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወለደች። እታለም ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። ሴቶቹ ወለደች ሲሉ ሰማች፤ የሕፃን ድምፅ ግን አልሰማችም። የባጃጅ ጥሩምባ ሰማች፣ ዝናቡን ሰማች፣ የሰው ሳል ሰማች። የተቀበረው ልጅም እንዲሁ ነበር ዝም ያለው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከዚያ ቀጠን ያለ፣ የተቆጣ ለቅሶ መጣ፤ እታለም እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

ሴት ናት፤ ሰብሊ አሏት። ክብደቷ ትንሽ አነስ ይላል። የያምሮት ደም ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። ብዙ ነው ወይ ብላ እታለም ጠየቀች፤ ሐኪሙም የዚህ ነገር ጥሩ የሚባል መጠን የለውም አላት። «ልጅቱስ?» «ለጊዜው ደህና ናት። ሌላው ልጆች ሲያድጉ ነው የሚታየው፤ ሲሰሙ፣ ሲናገሩ፣ ሲማሩ።» እንግዲህ ደግሞ አይታወቅም ነው። ያው የድሮው ፍርሃት አሁን ስም ወጣለት፣ ክርስትና ተነሣ፣ ጥርስ አበቀለ።

ሌላ ቅበላ ደርሷል። የእታለም ደጅ በአጥንት ተሞልቷል፤ ዘንድሮ ሊቃውንቱ ምንም አይደለም የሚል መልስ ስለሰጡ ባልዲውን የሚያወጣ የለም። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ማሰሮዋን ሳትመርግ በፊት ያምሮት ቤት ትገባለች። ሰብሊ ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች። እታለም በቀስታ ከኋላዋ ትዞርና ጣሳውን በማንኪያ ኳ ታደርገዋለች። ልጅቱ ዘወር ትላለች። እታለም ተመስገን ትላለች፤ በማግስቱ ያው ጣሳ፣ ያው ማንኪያ።

«እምዬ፣ ትናንትም እኮ ሰምታሽ ነበር» አለቻት ያምሮት ዛሬ ጠዋት።

«ትናንት ትናንት ነው።»

«እስከ መቼ ነው የምትፈትኛት?»

«‹አያቴ፣ ራሴን አዞርሽው፤ ጣሳሽን ይዘሽ ውጪልኝ› ብላ እስክትሰድበኝ።»

ያምሮት ሳቀች። እታለም አልሳቀችም፤ የልጅቷን አፍ እያየች ነበር።